የመስኮቷ ሴት አንገት

ስሟን ማንም የማይጠራት አንዲት ከተማ ነበረች። ስም አጥታ አይደለም፤ ስሟን የጠራ ሁሉ «የትኛዋን ነው የምትለው፣ የምንኖርባትን ነው ወይስ የተሰቀለችውን?» እየተባለ መከራውን ስለሚያይ፣ ሰዉ ጣጣ ከማምጣት ብሎ በደፈናው «ከተማዋ» ይላት ነበር።

የተሰቀለችው ማለት ፎቶዋ ናት። በየዓመቱ ክረምቱ ወጥቶ ጭቃው ሲደርቅ ገዢው ፎቶ አንሺዎቹን በየሰፈሩ ያሰማራል። እነሱም ሰዉን፣ ቤቱን፣ ዛፉን፣ በየበሩ የተጋደመውን ውሻ ሳይቀር ያነሣሉ። የተነሣው ሁሉ ታጥቦ ወደ መቀስ ቤት ይገባል። በመቀስ ቤት መቀስ የጨበጡ ሰዎች አግዳሚ ላይ ተደርድረው ይቆርጣሉ። ፎቁን ከአንድ ሰፈር፣ ዛፉን ከሌላው፣ ሐይቁን ከነጭራሹ ከሰው አገር እየቆረጡ ያቀብላሉ፤ የሙጫ ቤት ሰዎች ደግሞ ተቀብለው ጎን ለጎን ይለጥፋሉ። ሙጫው የሚሠራው ከስንዴ ዱቄት ነው። ዳቦ በጠፋበት ዓመት እንኳ ሙጫ ጠፍቶ አያውቅም። ይህ ሁሉ ተቆራርጦና ተለጣጥፎ አንድ ሲሆን ታላቁ ፎቶ ይባላል፤ አደባባዩ ላይ ይሰቀልና መጋረጃው ሲገለጥ ሕዝቡ ያጨበጭባል። ያምር ነበር፣ እውነቱን መናገር ነው። መንገዱ ሰፊ፣ ሰዉ ንጹሕ፣ ሰማዩም ደመና እንዳይገባበት ከሦስት ቦታ የተቆረጠ።

ሌላ ቦታ ቢሆን ነገሩ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። በዚያች ከተማ ግን ገና መጀመሩ ነው። ሕጉ «ፎቶው አይሳሳትም» ይላል። ፎቶው ካልተሳሳተ የተሳሳተችው ከተማዋ ናት ማለት ነው፤ ስለዚህ ተስተካክላ ፎቶዋን መምሰል አለባት። ዛፍ መንገድ መሐል ከተለጠፈ መንገድ መሐል ይተከላል፣ መኪናው ይዙረው። አንድ ዓመት አንዱ ቆራጭ እጁን ስቶት የደወሉን ማማ ያለ ደረጃው ቆርጦ ቢያቀብል፣ ደረጃው ወዲያው ፈረሰ። ደዋዩ ግን ላይ ነበረ። ዛሬም እዚያው ነው፤ ምሳው በገመድ ይሳብለታል።

ሰዉም እንደዚሁ ነው። ፎቶው ላይ የወጣ ሰው በተለጠፈበት ቦታ ቤት ይሰጠዋል። ያልወጣ ደግሞ «ቁራጭ» ይባላል። ከመቀስ ቤት ወለል ተጠርጎ እንደሚጣለው ወረቀት፣ እሱም ዕቃውን ተሸክሞ ከወንዙ ማዶ ወዳለው ገላጣ ዳገት ይሄዳል። የዳገቱም ስም ቅርጫት ነው። ከዚያ ወዲያ ቁራጩ መንገድ ላይ ቢገኝ የድሮ ጎረቤቱ እንኳ ሰላም አይለውም። ጠልቶት አይደለም፤ የሌለ ሰው እንዴት ሰላም ይባላል?

ሌላም ጉድ ነበረ። ፎቶዎቹ የተነሡት አንዱ በጧት አንዱ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ፣ ታላቁ ፎቶ ላይ የአንዱ ጥላ ወዲህ የሌላው ጥላ ወዲያ ይወድቃል። ገዢው አንድ ቀን ይህን አየና «በከተማዬ ላይ ስንት ፀሐይ ነው የሚወጣው?» ብሎ ጠየቀ። ሹማምንቱ ደንግጠው የጥላ ሹም የሚባል ሹመት ፈጠሩ። የጥላው ሹም ቀጭን፣ በበጋም በክረምትም ዣንጥላ የማይለየው ሰው ነበር። አስቦ አስቦ የደረሰበት መላ ይህ ነው፦ ፎቶው ላይ ጥላው ወደ ምዕራብ የወደቀ ሰው ከቤቱ የሚወጣው በጧት ብቻ ይሁን፤ ጥላው ወደ ምሥራቅ የወደቀ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ብቻ ይውጣ። ባልና ሚስት ሆነው ዓመቱን ሙሉ መንገድ ላይ ሳይገናኙ የከረሙ ነበሩ። ከነዚህም ውስጥ ተመስገን ያሉ አልጠፉም።

በዚህች ከተማ ጎድጓዳ በሚባል ሰፈር ማናህሎሽ የምትባል ሴት ትኖር ነበር። ባሏ የሞተባት፣ በርበሬ ደልዛ የምትሸጥ፣ የማንንም ፊት የማታይ ሴት። አንገቷ ረጅም ነው፤ እሱም ከአገጯ ሥር ጀምሮ እስከ ደረቷ ድረስ እንደ ሐብል ተደራርቦ ተነቅሷል። ይህን አንገት ይዛ ስትሄድ ማናህሎሽ ጎንበስ የምትለው ለበርበሬዋ ብቻ ነው ይሏታል። እሷም ይህን ስትሰማ ደስ ይላታል።

ከማናህሎሽ ጋር ግድግዳ የምትጋራው ትሁኔ ናት። ጎመንና ቆስጣ ሻጭ፣ አጭር፣ ደልደል ያለች፣ ሳቋ ከሰፈሩ ጫፍ የሚሰማ። ሁለቱ ከተኳረፉ ያኔ የተወለደ ልጅ ለጋብቻ ደርሷል። ጠቡ የማናህሎሽ ጣራ ነው። ዝናብ በጣለ ቁጥር ውሃው ትሁኔ ደጅ ላይ ይወርድና የተዘረጋውን ጎመን ጭቃ ያለብሰዋል። ትሁኔ አሸንዳ ግጠሚ አለች፤ ማናህሎሽ ዝናቡን የላክሁት እኔ አይደለሁም አለች። በቃ፣ ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ አንዷ የሌላዋን ስም በአፏ ጠርታ አታውቅም። ዝም አሉ ማለት ግን አይደለም። አንዷ ደጇ ላይ ቆማ ለሰማዩ ትናገራለች፣ ሌላዋ ለግድግዳው ትመልሳለች።

«አንዳንድ ሰው አንገቱን ሲያቀና ጣራውን ማቅናት ይረሳል» ትላለች ትሁኔ ቆስጣዋን እያራገፈች።

«አንዳንድ ሰው ደግሞ ሳቁንም እንደ ጎመኑ የሚሸጥ ይመስል ሰፈር ያደነቁራል» ትላለች ማናህሎሽ፣ ለድስቷ።

እንዲህ እያሉ በሰላም ይኖሩ ነበር።

ፎቶ አንሺዎቹ ጎድጓዳ የመጡ ዕለት ማናህሎሽ ጧት የክት ነጠላዋን ደርባ፣ አንገቷን አቅንታ በሯ ላይ ቆመችላቸው። ትሁኔ ገበያ ውላ ነበርና እሷን ያገኟት ከሰዓት በኋላ ነው፤ አዲስ ቀሚሷን እንደለበሰች፣ ያልተሸጠውን ጎመን በሁለት እጇ ታቅፋ ስትመጣ አነሷት። እንግዲህ የመቀስ ቤት ሰዎች አንድ ዘዴ አላቸው። ፊቱ ያማረለት ልብሱ ሊያስጠላ፣ ልብሱ ያማረለት ፊቱ ሊያስጠላ ይችላልና፣ ራስን ለብቻ፣ አካልን ለብቻ ቆርጠው በየሣጥኑ ያኖራሉ። እንዳይጠፋባቸውም በቤት ተራ ይደረድሩታል። በዚያ ዓመት ለአዲሱ ጎዳና መስኮት አበባ የታቀፈች ሴት ተፈለገች። ቆራጩ ከራስ ሣጥን የማናህሎሽን ራስ አነሣ፤ ወደ አካል ሣጥኑ ሲሄድ ግን እጁ አንድ ቤት አለፈና የጎረቤቷን አካል አወጣ። ጎመኑ ላይ በቀይ ቀለም ጠብ ጠብ አደረገበት። ተለጠፈ።

መጋረጃው ሲገለጥ ጎድጓዳ ፎቶው ላይ የለም። በሱ ቦታ ያ ከሰው አገር የተቆረጠው ሐይቅ ተንጣሏል፤ ሰፈሩ ተነሥቶ ይቆፈራል ማለት ነው። ከሐይቁ ዳር፣ ባማረ ቤት መስኮት ላይ፣ አበባ የታቀፈች ሴት ትታያለች። ራሷ ማናህሎሽ፣ ከአንገቷ በታች ትሁኔ። የጎድጓዳ ሰው እንዳለ ቁራጭ ሲባል የተረፉት እነዚህ ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ እነሱም አንድ ሰው ሆነው።

ሁለቱም ወደ መቀስ ቤት ሄዱ፤ ባንድ መንገድ፣ አንዷ ላንዷ መንገድ ላለመልቀቅ እየተጋፉ። የመቀሱ ሹም የወርቅ መቀስ በሰንሰለት ደረቱ ላይ ያንጠለጠለ፣ የራሱን ጥፍር ግን ሚስቱ የምትቆርጥለት ሰው ነበር። ማናህሎሽ ቀድማ ሰው የሚታወቀው በፊቱ ነው፣ የመስኮቷ ሴት እኔ ነኝ፣ ቤቱ ይሰጠኝ አለች። ትሁኔ ደግሞ ቤት ውስጥ የሚያድረው አካል ነው፣ ለራስ ብቻማ መደርደሪያም ይበቃዋል አለች። ሹሙ ፎቶውን በአጉሊ መነጽር አየ፤ እነሱን ያለ መነጽር አየ። በመጨረሻ ማናህሎሽ ትዕግሥቷ አለቀና ተሳስታችሁ ነው የለጠፋችሁት አለችው። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ጸሐፊዎች ሁሉ ብዕራቸውን አስቀመጡ።

«ወይዘሮ» አለ ሹሙ ቀስ ብሎ፣ «ፎቶው አይሳሳትም። ፊቴ ሁለት ሆናችሁ ከቆማችሁ የተሳሳታችሁት እናንተ ናችሁ።»

«ታዲያ ምን እንሁን?» አለች ትሁኔ።

«አንድ ሁኑ።»

ፍርዱም ተነበበላቸው። የመስኮቷ ሴት አንዲት ናት፣ ቤቷም አንድ ነው። አፍ፣ ጆሮና ዓይን የራስ ናቸው፤ እጅ፣ እግርና ጀርባ የአካል ናቸው። ሁለት ሆነው ከተገኙ ሁለቱም ወደ ቅርጫት ይሄዳሉ። የጥላው ሹም ከዳር ሆኖ ሲሰማ ቆየና እሱም የራሱን ጨመረ፤ በራስ ላይ ያረፈው የጧት ብርሃን ስለሆነ ራስ በጧት ትወጣለች፣ በአካል ላይ ያረፈው የከሰዓት ስለሆነ አካል ከሰዓት ትወጣለች፣ አብረው የሚወጡት ግን ጥላ በሌለበት በቀትር ብቻ ነው። ይህን ተናግሮ እንደጨረሰ ራሱ በራሱ ተደስቶ ዣንጥላውን ዘረጋ፣ ቤት ውስጥ።

ቤቱ ከፊት ሲያዩት ዓይን ያፈዛል። እብነ በረድ የመሰለ ግድግዳ፣ ትልቅ መስኮት። ከጀርባው ግን ቤት አልነበረም። ፎቶው ላይ ጀርባው አይታይማ። የቆመው በባሕር ዛፍ አጠና ተደግፎ ነው፤ ከኋላ የተወጠረ ላስቲክ አለ፣ መግቢያውም በላስቲኩ ሥር እየተሾለከ ነው። ጎዳናው ከዳር እስከ ዳር በእንዲህ ያለ ቤት የታጠረ ነበር። ለምን እንደሆነ ማናህሎሽ ላስቲኩን ገለጥ ስታደርግ ገባት፤ ከወንዙ ማዶ ቅርጫት ቁልጭ ብሎ ይታያል። የጎድጓዳ ሰው ያቆመው የቆርቆሮ ዳስ፣ የተሰጣው ልብስ፣ የሚጨሰው ምድጃ። ግድግዳው የተሠራው ይህ ከጎዳናው እንዳይታይ ነው።

ተቆጣጣሪው ባሻው ሰዓት ይመጣል። ጎዳናው ላይ ቆሞ ያፏጫል፣ የታላቁን ፎቶ ትንሽ ግልባጭ በእጁ ከፍ አድርጎ ከመስኮቱ ጋር ያስተያያል። ሲያፏጭ ሁለቱ ሴቶች ይሯሯጣሉ። ትሁኔ መስኮቱ ላይ ቆማ የተሰጣትን የላስቲክ አበባ ታቅፋ ራሷን በሻሽ ሥር ደፋ ታደርጋለች፤ ማናህሎሽ ከኋላዋ ጄሪካን ላይ ወጥታ አንገቷን በትከሻዋ ላይ ታወጣለች። ተቆጣጣሪው አንዳንዴ ራስ ወደ ግራ ጠጋ በይ፣ አካል ሆድሽን ሳቢ ይላል። ሲሄድ ይለያያሉ፤ አንዷ ወዲያ ጥግ፣ አንዷ ወዲህ ጥግ።

«የአንዳንድ ሰው ትንፋሽ ማጅራት ያቃጥላል» አለች ትሁኔ የመጀመሪያው ቀን።

«አካል አይናገርም ተብሏል» አለች ማናህሎሽ ለላስቲኩ።

ቀለቡም የሚሰጠው በፍርዱ መሠረት ነው። መብል የአፍ ነውና ዳቦው ለማናህሎሽ ይመጣል፤ ልብስ የአካል ነውና ቀሚሱም ጋቢውም ለትሁኔ። መጀመሪያ ማናህሎሽ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ብቻዋን በላች፤ ትሁኔም በአዲስ ጋቢ ተጠቅልላ ሆዷ እየጮኸ ተቀመጠች። አመሻሹ ላይ ነፋሱ ላስቲኩን ሲያንገጫግጨው የማናህሎሽ ጥርስም አብሮ መንገጫገጭ ጀመረ። አንድ ነገር ትከሻዋ ላይ ወደቀ፤ ጋቢ ነው።

«አንዳንድ ሰው ጥርሱ አይሰበርበት» አለች ትሁኔ፣ ለማንም።

ማናህሎሽ አላመሰገነችም። የተረፈውን ዳቦ ግን ጄሪካኑ ላይ አስቀመጠችና የአንዳንድ ሰው ሆድ ጩኸት እንቅልፍ ይነሳል ብላ ፊቷን አዞረች። ከዚያ ወዲህ ዳቦው ጄሪካኑ ላይ ይቆረሳል፣ ጋቢው ለሁለት ይለበሳል። ስም ግን አይጠራም። በቀትር አብረው ሲወጡ የጎዳናው ሰው የማናህሎሽን ፊት ሰላም ይላል፣ የትሁኔን ቀሚስ ያደንቃል። ሁለት ሴት ሲሄዱ እያየ አንዲት ሴት አየሁ የሚል ጎዳና ነበር። ማታ ማታ ላስቲኩን ገልጠው ቅርጫትን ያያሉ። ያ የሚጨሰው የእንትና ምድጃ ነው፣ ያቺ የተሰጣችው የእንትና ብርድ ልብስ ናት ይባባላሉ፤ እርስ በርስ አይደለም፣ እያንዳንዳቸው ለላስቲኩ።

እንዲህ ሆነው ሳለ ገዢው የመስኮቷን ሴት ወደዳት። በታላቁ ፎቶ ላይ ካለው ሰው ሁሉ የሷ ፊት ኩራቱ ደስ ብሎት፣ አበባዋም ደስ ብሎት፣ ከሰገነቱ ሆኖ ሲያያት ይውላል። ኋላ ላይ ኒሻን አጠልቅላታለሁ አለ። ኒሻኑ በሰንሰለት አንገት ላይ የሚንጠለጠል ነው። ሹማምንቱ ሊዘጋጁ ሲሰበሰቡ አንዱ አንድ ጥያቄ አነሣ፦ አንገቱ የማን ነው? መቀሱ ያረፈው እዚያው አንገት ላይ ነበረ። ፎቶውን አውርደው ቢያዩት የማናህሎሽ ንቅሳት ግማሽ አንገት ድረስ ይወርድና ድንገት ይቆማል፤ ከዚያ በታች የትሁኔ ባዶ አንገት ነው። የመቀሱ ሹም አንገት የራስ ነው አለ። የጥላው ሹም አንገቱ ላይ ያረፈው ጥላ የአካል ነው አለ። የሙጫው ሹም ተቆጥቶ ተነሣና፣ ራስና አካልን አንገት ላይ ያገናኘው ሙጫ ስለሆነ አንገቱ የሙጫ ቤት ንብረት ነው፣ ኒሻኑም ለኔ ይገባል ብሎ ጠረጴዛ ደበደበ።

የመቀሱ ሹም መውጫውን ያገኘው በበዓሉ ዕለት ጧት ነው። በላስቲኩ ሥር ሾልኮ ገባ፤ ለክብሩ ሲል አቧራውን ሳያራግፍ ትንሽ ቆመ። ትሁኔ ጥጓ ላይ ተቀምጣ ሻሿን ትቋጥር ነበር። ማናህሎሽ ሰው አለ ለማለት በዓይኗ ብታመለክተው ሹሙ እጁን አወናጨፈ። አካል ጆሮ የለውም፤ በፍርዱ ላይ ተጽፏል። ከዚያም ነገሩን ዘርዝሮ ነገራት። ገዢው ኒሻን ሲያጠልቅ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጠይቃል፣ «ይህ ሁሉ ያንቺ ነው?» ብሎ። መልሱም ከጥንት ጀምሮ አንድ ነው፣ «የኔ ነው፣ በእርስዎ» ይባላል። እሷ ይህን ባለች ሰዓት አንገቱም፣ አካሉም፣ ቀሚሱም፣ ቤቱም በሕግ የሷ ይሆናል። ሙሉ ሴት ትሆናለች። ዳቦውም ልብሱም ለሷ ይሆናል፤ ከቤቱ ጀርባ ግድግዳ ይቆምላታል፤ ጧትም ከሰዓትም ትወጣለች።

«እሷስ?» አለች ማናህሎሽ።

«እሷ የምትያት ማን ናት?» አለ ሹሙ። «የተረፈ ነገር ካለ ቁራጭ ነው። ዛሬውኑ ይጠረጋል።»

ሌላ መልስ ብትሰጪስ ምን እንደሚመጣ ታውቂያለሽ ብሎም ጨመረ፤ ሁለት ሆናችሁ ተገኛችሁ ማለት ነው። ከዚያ የንቅሳቷን የታችኛውን ረድፍ ከፎቶው ጋር እንዲመሳሰል በሙጫና በዱቄት ደፍኖላት በመጣበት ሾልኮ ወጣ።

ትሁኔ ሻሿን ቋጥራ ጨረሰች። ተነሥታ ጄሪካኑን ወደ መስኮቱ ጎትታ አመቻቸችና፣ እንዳይንሸራተት ከሥሩ ጨርቅ አደረገችለት። አበባውን ታቅፋም ቦታዋ ላይ ቆመች። ማናህሎሽ ጄሪካኑን አየችው፤ ጨርቁንም አየችው።

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ገዢው መጣ። ጎዳናው በሰው ተሞልቷል፤ የጧቱም የከሰዓቱም ሰው በቀትር ሊገናኝ ስለሚችል ባልና ሚስቶች ይተዛዘባሉ። ቤቱ በር ስለሌለው መሰላል ተደገፈና ገዢው በመሰላሉ ወጣ፤ የመቀሱ ሹም ከታች መሰላሉን ይዞለታል። ገዢው ከመስኮቱ ሲደርስ ፊት ለፊቱ ያች የሚወዳት ሴት ናት፤ ቀና ያለች፣ አበባ የታቀፈች። ሰንሰለቱን ዘረጋ። ቀረብ ብሎ ሲያይ ግን አንገቷ ላይ ያለው ሙጫ በፀሐዩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ከሥንጥቁ ሥር ንቅሳት ብቅ ብቅ ይላል። ግራ ገባው። ግራ የገባው ገዢ ወደ ልማዱ ይሸሻልና ጮክ ብሎ ጠየቀ፦

«ይህ ሁሉ ያንቺ ነው?»

ማናህሎሽ ጉንጯ ሥር የትሁኔ ሻሽ አለ። ሻሹ አይንቀሳቀስም። አበባው ግን የላስቲክ ነውና ይንኮሻኮሻል።

«አይደለም» አለች።

ከታች የመቀሱ ሹም መሰላሉን ነቀነቀው፤ ላይ ያለው ገዢ መሆኑን ረስቶ።

«ከዚህ በላይ የኔ ነው» አለች ማናህሎሽ፣ በጣቷ አንገቷ ላይ የደረቀውን ሙጫ እየፈቀፈቀች። «ንቅሳቱን እናቴ ናት ያስነቀሰችኝ፤ ይኸው እስከ ታች አለ። ከዚህ በታች ያለው ግን የሌላ ሰው ነው። ቀሚሱም፣ እጁም፣ ትከሻውም። ስሟ ትሁኔ ይባላል። ትሁኔ፣ የጎድጓዳዋ፣ ጎረቤቴ። ፎቶው ላይ አበባ የመሰለዎትም ጎመን ነው።»

ሻሹ ተነሣ። ከሥሩ የትሁኔ ፊት ወጣ፤ በላብ ተጠምቆ፣ ዓይኑን በብርሃኑ ጨፍኖ። መስኮቱ ላይ ባንድ ቀሚስ ሁለት ራስ ቆመ። ከዚያ አንድ ሳቅ ተሰማ፤ ከሰፈር ጫፍ እስከ ሰፈር ጫፍ የሚሄድ ሳቅ፤ የሳቀችው ራሷ ትሁኔ ናት። ጎመን ሲባል ሳቋ አመለጣት።

ገዢው ኒሻኑን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ። ከመሰላሉ ወረደ። ለመቀሱ ሹም አንድ ቃል ብቻ ተናገረ፦

«ቁረጥ።»

በዚያኑ ቀን ሁለቱም ከታላቁ ፎቶ ላይ ተቆርጠው ወጡ። መስኮቱ በነበረበት ቦታ ወዲያ የሚያሳይ ቀዳዳ ቀረ። የመቀስ ቤት ሰዎች በምትካቸው የምትለጠፍ ሌላ ሴት ፈለጉ፤ ነገር ግን ከተማው ውስጥ የቀረችው ሴት ሁሉ አንድ ቦታ ተለጥፋለች፣ አንዲት ሴት ደግሞ ሁለት ቦታ መኖር አትችልም። ከቅርጫት እንዳያመጡ በቅርጫት ያሉት የሉም። ቀዳዳው እንዳለ ቀረ። ፎቶው ደግሞ አይሳሳትም። ሕግ ነውና ሠራተኞች መዶሻ ይዘው መጡ፤ ያን እብነ በረድ መሳይ ግድግዳ ከመስኮቱ ጀምረው ልክ እንደ ፎቶው በሱት፣ ከጀርባው ያለውን ላስቲክም ገነጠሉት። አቧራው ሲበን፣ ጎዳናው ላይ የቆመው ሰው ሁሉ በቀዳዳው ውስጥ ከወንዙ ማዶ ቅርጫትን አየ። የለም የተባለ ሰው ሁሉ እዚያ አለ። የድሮ ጎረቤቱን ያየ ሳያስበው እጁን ያነሣ ነበር፤ ከዳገቱም ላይ እጅ ይነሣለታል። ሹማምንቱ ቀዳዳውን በጨርቅ ለመሸፈን ፈለጉ፤ ፎቶው ላይ ጨርቅ የለም።

ማናህሎሽና ትሁኔ ዳገቱ ላይ ያገኙት ባዶ ቦታ አንድ ብቻ ነበረ። ግድግዳ የሚጋሩ ሁለት የቆርቆሮ ዳሶች አቆሙ። ማናህሎሽ ከእንግዲህማ አሸንዳ ትገጥማለች ያለ ሰው ነበረ፤ አልገጠመችም። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ውሃው ከጣራዋ ወርዶ የትሁኔን ጎመን ጭቃ አለበሰው።

ትሁኔ ጎመኗን ይዛ ወጣች። ወደ ሰማይም ወደ ግድግዳም አልተናገረችም፤ በሩ ላይ መጥታ ቆመች።

«አንቺ ማናህሎሽ» አለች። «ውሃሽን ሰብስቢ።»

«ዝናቡን የላክሁት እኔ ነኝ እንዴ፣ አንቺ ትሁኔ?» አለች ማናህሎሽ። «በይ ግቢ፣ ትበሰብሻለሽ።»

ከጎዳናው ሰዎች ዛሬም አመሻሹ ላይ ወደ ቀዳዳው የሚሄዱ አሉ። ታላቁን ፎቶ ማየት ከተዉ ቆይተዋል። ምን ታያላችሁ ተብለው ሲጠየቁ፣ ማዶ በር ላይ ቆመው የሚጨቃጨቁ ሁለት ሴቶች አሉ፣ እነሱን ነው ይላሉ፤ አንዷ አንገቷ ረጅም፣ አንዷ ሳቋ ወንዝ የሚሻገር፣ ጥላቸውም ፀሐይ እንደወሰደው የሚወድቅ።